ከአጎዋ ውጪ ማምረት፦ ለሐዋሳ ፋብሪካዎች የወጪና የደንብ መመሪያ

ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022) ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ተጠቃሚዎች ዝርዝር ወጥታለች። ውሳኔው የተነገረው ጥቅምት 23 ቀን ስለነበር አምራቾች ለመዘጋጀት የነበራቸው ጊዜ 60 ቀን ብቻ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋነኛ ባለሀብት የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀውም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ነው።

ከዚያ ወዲህ በከተማችን የልብስ ፋብሪካ ያለው፣ ፋብሪካ የሚያስተዳድረው፣ ሂሳብ የሚሠራውና ገዢ የሚያፈላልገው ሁሉ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ያለ አጎዋ ስንት ያስወጣናል? ያዋጣናል ወይስ አያዋጣንም?» ይህ መመሪያ ለዚህ ጥያቄ በራሳችሁ ቁጥር መልስ እንድታገኙ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ ከልብስ ስፌት የተወሰዱ ናቸው። አካሄዱ ግን ለጫማ፣ ለቆዳና ለምግብ ማቀነባበሪያም ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጓችሁ

- ያለፉት 12 ወራት የወጪ ንግድ ኢንቮይሶችና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኖች፤
- የጨርቅና የአክሰሰሪ ግዢ ሰነዶች፣ የመጡበት አገር የተጻፈባቸው፤
- የደመወዝ መክፈያ ሰነድና የየላይኑ የዕለት ምርት መዝገብ፤
- የትራንዚተርና የኮንቴይነር ክፍያ ደረሰኞች፤
- ከገዢዎቻችሁ ጋር ያላችሁ ውሎች።

ሥራውን ለሂሳብ ክፍሉ ብቻ አትተዉት። የምርት ኃላፊው፣ የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ፣ የግዢ ሠራተኛውና የሰው ኃይል ኃላፊው አብረው ይቀመጡ። ብዙ ጊዜ ሂሳቡ የሚሳሳተው በፋብሪካው ወለል ላይ የሚታየው እውነት ወረቀቱ ላይ ስለማይገኝ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ የተቀየረውንና ያልተቀየረውን ለዩ

አጎዋ እንደ ኮሜሳ ወይም እንደ አውሮፓ ኅብረት፣ አገሮች ተደራድረው የሚመሠርቱት የንግድ ማኅበር አይደለም። አሜሪካ በራሷ ሕግ ከሰሐራ በስተደቡብ ላሉ አገሮች የምትሰጠው፣ በራሷ ውሳኔም የምትነሳው የቀረጥ ነፃ ዕድል ነው። ስለዚህ የሽግግር ጊዜ የሚሰጥ ስምምነት አልነበረም። ተግባራዊ ትርጉሙም ቀላል ነው፤ በእጃችሁ ያለ ማንኛውም የአንድ ወገን ዕድል በአጭር ማስታወቂያ ሊነሳ ይችላል።

የአሜሪካ ገበያ አልተዘጋም። የተመለሰው መደበኛው ቀረጥ ነው። አጎዋ ይጠይቀው የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ቪዛ ማኅተምም አብሮ ቀርቷል። ያልተቀየሩት ግን ብዙ ናቸው፦ የአሜሪካ የመለያ ጽሑፍና የምርት ደኅንነት ሕጎች፣ የገዢዎች የሥነ ምግባር መስፈርት፣ የአገራችን የሠራተኛ ሕግ፣ የፓርኩ የፍሳሽ አወጋገድ ግዴታ፣ እንዲሁም ወደ አውሮፓና ወደ ብሪታንያ ያለን ቀረጥ ነፃ መግቢያ።

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በግራ የተቀየረውን፣ በቀኝ ያልተቀየረውን ጻፉ። የተለመደው ስህተት ከዚያ ወዲህ የመጣውን ችግር ሁሉ በአጎዋ ማሳበብ ነው። የኮንቴይነር ዋጋ፣ የምንዛሬ ለውጥ፣ የሠራተኛ መልቀቅና የገዢ መጥፋት የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ካልተለያዩ አንዱም አይድንም።

2ኛ ደረጃ፦ የእያንዳንዱን ምርት የታሪፍ ቁጥር አረጋግጡ

ለ«ልብስ» የሚባል አንድ ቀረጥ የለም። ቀረጡ የሚወሰነው በታሪፍ ቁጥሩ፣ ማለትም በጨርቁ ዓይነት፣ በአሠራሩና በልብሱ ቅርጽ ነው። የአሜሪካ መደበኛ ቀረጥ ለአንዳንዶቹ እንዲህ ነው፦

- የጥጥ ቲሸርት፦ 16.5 በመቶ
- የፖሊስተር ቲሸርት፦ 32 በመቶ
- የጥጥ ሹራብ፦ 16.5 በመቶ
- የሰው ሠራሽ ጭረት ሹራብ፦ 32 በመቶ
- የወንዶች የጥጥ ሸሚዝ (በሽመና ጨርቅ)፦ 19.7 በመቶ
- የወንዶች የጥጥ ሱሪ (በሽመና ጨርቅ)፦ 16.6 በመቶ

ከጥጥ ወደ ፖሊስተር መሻገር ቀረጡን ከእጥፍ ሊያስጠጋው እንደሚችል ልብ በሉ። ድብልቅ ጨርቅ ከሆነ በክብደት የሚበልጠው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ምደባውን ይወስናል። 55 በመቶ ጥጥ ያለው ቲሸርትና 55 በመቶ ፖሊስተር ያለው ቲሸርት በዓይን አይለዩም፤ በጉምሩክ ግን ሰፊ የቀረጥ ልዩነት አላቸው። ከገዢው ጋር በንድፍ ደረጃ ይህን መነጋገር ምንም ሳያስወጣ ብዙ ያድናል።

በመደበኛው ላይ የሚደረብ ተጨማሪ ቀረጥ መኖሩንም አጣሩ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 5 ቀን 2025 ጀምሮ አሜሪካ በኢትዮጵያ ምርት ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጥላ ነበር። እንዲህ ያለው ቀረጥ በትዕዛዝ ይመጣል፣ በትዕዛዝ ይለወጣል። ስለዚህ ዕቃው አሜሪካ የሚደርስበትን ቀን መሠረት አድርጋችሁ በየጭነቱ በገዢው የጉምሩክ ወኪል በኩል አረጋግጡ። ያለፈውን ጭነት ቀረጥ ለሚቀጥለው መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው።

3ኛ ደረጃ፦ የአንድ ፍሬ ወጪ ካርድ ሥሩ

ለእያንዳንዱ ምርት አንድ ካርድ ይኑራችሁ። አሠራሩን ለማሳየት በወደብ ርክክብ (ኤፍ.ኦ.ቢ.) ዋጋው 3 ዶላር የሆነ የጥጥ ቲሸርት እንውሰድ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ።

- ጨርቅ፦ 1.80
- ክር፣ መለያ፣ ከረጢት፣ ካርቶን፦ 0.25
- የስፌት ላይን ደመወዝ፦ 0.06
- ሌላ ደመወዝ (መቁረጥ፣ ማጠናቀቅ፣ ጥራት፣ አስተዳደር)፦ 0.14
- መብራት፣ ኪራይ፣ ጥገና፦ 0.25
- እስከ ጅቡቲ ትራንስፖርትና ወደብ፦ 0.15
- ባንክና ወለድ፦ 0.10
- ትርፍ፦ 0.25

ድምሩ 3 ዶላር ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በመሠረቱ የባሕር ማጓጓዣና ኢንሹራንስን ሳይጨምር ነው። ስለዚህ 3 ዶላር በ16.5 በመቶ ሲባዛ 49.5 ሴንት ቀረጥ ይመጣል። በዚያ ላይ 0.3464 በመቶ የጉምሩክ አገልግሎት ክፍያና በባሕር ለሚገባ ዕቃ 0.125 በመቶ የወደብ ጥገና ክፍያ አለ፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሴንት ተኩል ገደማ ናቸው።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ገዢው ቀረጡን ጨምሮ እንደ ድሮው 3 ዶላር ብቻ እከፍላለሁ ቢል፣ የእኛ ዋጋ ስንት መሆን አለበት? ብዙዎች ከ3 ዶላር ላይ 49.5 ሴንቱን ይቀንሳሉ። ይህ ስህተት ነው። ዋጋው ሲወርድ ቀረጡም አብሮ ስለሚወርድ ማካፈል እንጂ መቀነስ አይደለም፦ 3 ሲካፈል ለ1.165፣ 2.575 ዶላር ይሆናል። ክፍተቱ 42.5 ሴንት ነው። በአንድ ፍሬ የምትሳሳቱት 7 ሴንት በመቶ ሺህ ፍሬ ትዕዛዝ 7,000 ዶላር ነው፤ ያለ ምክንያት ለገዢው ትሰጡታላችሁ ማለት ነው።

ያው ቲሸርት በፖሊስተር ቢሠራ 3 ሲካፈል ለ1.32፣ 2.27 ዶላር ይመጣል። ክፍተቱ 73 ሴንት ደረሰ። በጥጡ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ቢደረብ ደግሞ ማካፈያው 1.265 ሆኖ ክፍተቱ 63 ሴንት ይጠጋል። በምሳሌው ትርፉ 25 ሴንት ብቻ ስለሆነ ትርፍን ሙሉ በሙሉ መተው እንኳ ከሦስቱ አንዱንም አይሸፍንም። ይህን ካያችሁ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ ትችላላችሁ።

4ኛ ደረጃ፦ ከደመወዝ አትጀምሩ፤ ከጨርቅ ጀምሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ክፍተቱን በስፌት ሠራተኛዋ ደመወዝ መሸፈን በሂሳብም አይቻልም።

አስሉት። አንድ ላይን 40 ሠራተኞች ይኑሩት፤ የእያንዳንዷ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ተደምሮ በወር 5,000 ብር ይሁን። የላይኑ ወጪ 200,000 ብር ነው። በቀን 1,000 ፍሬ፣ በወር 26 ቀን ቢያመርት 26,000 ፍሬ ይወጣል። ለአንድ ፍሬ 7.70 ብር ማለት ነው። ዶላሩን በ130 ብር ብንመነዝር 6 ሴንት ነው። ሠራተኞቹ በነፃ ቢሠሩ እንኳ ከ42.5 ሴንቱ 36.5ቱ ይቀራል።

በሌላ በኩል ደመወዝ ሲጨመቅ ሠራተኛ ይለቅቃል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ፓርክ ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር አስቀምጠው፣ የሠራተኛ መልቀቅ ለፋብሪካዎቹ ዋነኛ ፈተና መሆኑን አሳይተዋል። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ ኪራይና ምግቧ ካልተሸፈነላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያሠለጠናችኋት እጅ ሲሄድ የላይኑ ፍጥነት ይወርዳል፣ የተበላሸ ምርት ይበዛል፣ ያ 6 ሴንትም 9 እና 10 ይሆናል።

ገንዘቡ ያለው በሚከተሉት ላይ ነው።

*የጨርቅ አጠቃቀም።* በመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋው ጨርቅ 82 በመቶው ልብስ፣ 18 በመቶው ቁራጭ እየሆነ ነው እንበል። ማርከሩ (የአቆራረጥ ንድፉ) ተሻሽሎ 86 በመቶ ቢደርስ የ1.80 ዶላሩ ጨርቅ ወጪ በ8 ሴንት ይቀንሳል። ይህ ከመላው የስፌት ላይን ደመወዝ ይበልጣል። የሚያስፈልገው የማርከር ሶፍትዌር፣ የጨርቁን ትክክለኛ ስፋት በየጥቅሉ መለካትና የቁራጩን ክብደት በየቀኑ መመዝገብ ነው።

*የተበላሸ ምርት።* ከመቶ 6 የነበረው ውድቅ ምርት 2 ቢሆን፣ በቅናሽ የሚሸጠውን ሳንቆጥር፣ በአንድ ፍሬ 11 ሴንት ገደማ ይድናል። መፍትሔው በላይኑ መጨረሻ መፈተሽ ብቻ ሳይሆን በየመሐሉ መፈተሽና ስህተቱን እዚያው ማቆም ነው።

*የኮንቴይነር አሞላል።* እስከ ጅቡቲ 6,000 ዶላር የሚያስወጣ ኮንቴይነር 40,000 ፍሬ ሲይዝ ለአንዱ 15 ሴንት፣ 24,000 ብቻ ሲይዝ 25 ሴንት ይደርሳል። አነስተኛ አምራች ከሆናችሁ ወደ አንድ ወደብ ከሚልክ ጎረቤት ፋብሪካ ጋር ጭነት አቀናጁ።

*ጊዜ።* ጨርቅ መጋዘን ሲተኛ ወለድ ይበላል። ትዕዛዝ ዘግይቶ በአውሮፕላን ሲላክ ደግሞ ትርፉ በአንድ ቀን ያልቃል። ጨርቁ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ልብሱ ከፋብሪካ እስኪወጣ ያለውን ጊዜ በቀን ቆጥራችሁ ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬ በገበያ ዋጋ መወሰን ከጀመረ ወዲህ «ብሩ ስለረከሰ ተወዳዳሪ ሆነናል» የሚል ሐሳብ ይሰማል። የሚጠቅማችሁ ግን በብር የምትከፍሉት ድርሻ ብቻ ነው። ጨርቅና አክሰሰሪ በዶላር ከሆነ ከ3 ዶላሩ 2.05 ዶላሩን ምንዛሬ አይነካውም። የቀረው በብር የሚከፈል ወጪም ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ ይወጣል።

5ኛ ደረጃ፦ ከገዢው ጋር በቁጥር ተነጋገሩ

በምሳሌያችን ከጨርቅና ከውድቅ ምርት 19 ሴንት ተገኘ። ከ42.5 የቀረው 23 ሴንት ከግማሽ ነው። እዚህ ላይ ድርድር ይጀመራል።

መጀመሪያ ውላችሁ ላይ ቀረጡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አንብቡ። ርክክቡ በወደብ (ኤፍ.ኦ.ቢ.) ከሆነ ቀረጥ ከፋዩ አስመጪው ነው። «ቀረጥ ተከፍሎ ደጃፍ ድረስ» (ዲ.ዲ.ፒ.) በሚለው የተፈራረመ አምራች ግን የቀረጡን ሸክም፣ ወደፊት የሚመጣውንም ጭማሪ፣ በራሱ ላይ ጭኗል። በዚህ ዓይነት ውል ያላችሁ ከሆነ በሚቀጥለው እድሳት ውጡበት። ካልተቻለም «ቀረጥ ከተለወጠ ዋጋ እንደገና ይታያል» የሚል አንቀጽ አስገቡ።

ወደ ድርድሩ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «አልቻልንም» ከማለት «ክፍተቱ 42.5 ሴንት ነበር፤ 19ኙን በራሳችን ዘግተናል፤ የቀረውን እንካፈል» ማለት ይሰማል። ዋጋ አልጨምርም የሚል ገዢም ሌላ ሊሰጥ የሚችለው አለ፦ ትልቅ ትዕዛዝ፣ አስቀድሞ የሚታወቅ የስድስት ወር ዕቅድ፣ ፈጣን ክፍያ፣ ጨርቁን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ማቅረብ፣ ወይም ለአውሮፓ መደብሮቹ የሚሆነውን ትዕዛዝ ወደ እናንተ ማዞር። የመጨረሻው ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል። ምክንያቱ በቀጣዩ ደረጃ አለ።

6ኛ ደረጃ፦ ቀረጥ ነፃ ወደሆነ ገበያ ወረቀታችሁን አዘጋጁ

*አውሮፓ ኅብረት።* ኢትዮጵያ በዝቅተኛ ዕድገት ላይ ካሉ አገሮች አንዷ በመሆኗ «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» በሚባለው ሥርዓት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ትገባለች። ይህ ዕድል የሌለው አገር ቲሸርት 12 በመቶ ይከፍላል። አውሮፓ ቀረጥ የሚያሰላው ማጓጓዣውን ጨምሮ ስለሆነ፣ ወደቡ ላይ 3.15 ዶላር በሚደርስ ቲሸርት ከ37 ሴንት በላይ ይድናል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለእነዚህ አገሮች ልብስ አንድ የሥራ ደረጃ ይበቃል። ጨርቁ ከቻይና ወይም ከሕንድ ቢመጣም ተቆርጦ የተሰፋው ሐዋሳ ከሆነ የኢትዮጵያ ምርት ተብሎ ይቆጠራል። በአጎዋ ጊዜ የነበራችሁን የጨርቅ አቅራቢ መቀየር አያስፈልጋችሁም ማለት ነው።

የሚጠይቀው የስሪት አገር ማረጋገጫ ነው። ከ6,000 ዩሮ በላይ ለሆነ ጭነት በተመዘገበ ላኪነት (ሬክስ) ተመዝግባችሁ ማረጋገጫውን በኢንቮይሱ ላይ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ሳትመዘገቡ የጻፋችሁት ዋጋ የለውም፤ አስመጪው ቀረጡን ይከፍልና እናንተን ይጠይቃል። የጨርቁን የግዢና የአጠቃቀም ሰነድ ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀምጡ፤ ምርመራ ሲመጣ የሚታየው እሱ ነው።

*ብሪታንያ።* ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ የራሷን ሥርዓት አቁማለች። እ.ኤ.አ. ከጁን 19 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሥርዓት ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። ማረጋገጫው ግን የተለየ ስለሆነ የአውሮፓውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ አትላኩ።

*ቻይና።* እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ላላቸው በዝቅተኛ ዕድገት ላይ ያሉ አገሮች ምርት ሁሉ ቀረጥ አንሥታለች። ለልብስ ከባድ ፉክክር ያለበት ገበያ ነው። ለቡና፣ ለሰሊጥና በይርጋለም ለሚቀነባበረው የግብርና ምርት ግን ቦታ አለ።

*አፍሪካ።* ኢትዮጵያ በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና መነገድ የጀመረችው በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የቀረጥ ቅነሳው በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሲሆን የልብስ የስሪት ሕግ ድርድርም ከዘገዩት አንዱ ነበር። ስለዚህ ምርታችሁ በተቀባዩ አገር ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ በዚህ ዓመት ቀረጡ ስንት እንደሆነ ሳታረጋግጡ ዋጋ አትስጡ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ገበያ መቀየርን አድራሻ መቀየር ብቻ አድርጎ ማየት ነው። የአውሮፓ ገዢ ብዙ ጊዜ ትንሽ ብዛት፣ ብዙ ዓይነትና አጭር ጊዜ ይፈልጋል። ለረጅም ትዕዛዝ የተደራጀ ላይን በየሦስት ቀኑ ዓይነት ሲቀይር ምርቱ ይወርዳል። ከላይኖቻችሁ አንዱን ወይም ሁለቱን ለዚህ ለይታችሁ አሠልጥኑ።

7ኛ ደረጃ፦ የደንብ ወጪን በካርዱ ላይ ጻፉ

ከአጎዋ ስለወጣን የአሜሪካ መስፈርት ቀረ ማለት አይደለም። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልብስ ዛሬም የጭረቱን ይዘት በመቶኛ፣ የተሠራበትን አገርና የኃላፊውን ድርጅት መለያ መያዝ አለበት። የእሳት ተጋላጭነት ደንብን ማሟላት አለበት፤ የሕፃናት ልብስ ከሆነ ተቀባይነት ባለው ላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት። እ.ኤ.አ. ከጁን 2022 ጀምሮ ደግሞ ከቻይና ሺንጂያንግ ግዛት ጥጥ ጋር የተያያዘ ምርት በግዳጅ ሥራ እንደተሠራ ተቆጥሮ ይታገዳል፤ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም በአስመጪው ላይ ነው። አስመጪው ወረቀቱን ከእናንተ ይጠይቃል። የቻይና ጨርቅ የምትገዙ ከሆነ ከጥጡ እርሻ እስከ ፈትሉና እስከ ሽመናው ያለውን ሰነድ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ዕቃው ወደብ ላይ ከተያዘ በኋላ አይገኝም። የአገር ውስጥ ጥጥና ፈትል መጠቀም በዚህ ረገድ ጥቅም አለው፣ ምንጩ ቅርብና የሚታይ ነውና።

ለአውሮፓ የጭረቱ ስም በሚሸጥበት አገር ቋንቋ መጻፍ አለበት። «አዞ» በሚባሉ አንዳንድ ማቅለሚያዎችና በሌሎች ኬሚካሎች ላይ ክልከላ አለ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የምርት ደኅንነት ደንብም በኅብረቱ ውስጥ ኃላፊነት የሚወስድ ተጠሪ ይጠይቃል። በግዳጅ ሥራ የተሠራን ምርት የሚከለክለው የኅብረቱ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 14 ቀን 2027 ጀምሮ ይተገበራል። ለእሱ የሚሆነውን የሰነድ አያያዝ ዛሬ ብትጀምሩ በዚያን ጊዜ አትደናገጡም።

በአገር ቤትም ሦስት ነገሮችን በካርዱ ላይ አስገቡ። አንደኛ፣ ያለ ቀረጥ ባስገባችሁት ጨርቅ የተሠራን ልብስ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ስትመልሱ ቀረጡ ይጠየቃል። ከመሸጣችሁ በፊት በፓርኩ የአንድ መስኮት አገልግሎት ካለው የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ጋር ሂሳቡን ጨርሱ። ሁለተኛ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ላኪ ከሚያገኘው ምንዛሬ 50 በመቶውን እንዲይዝ ተፈቅዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ማሻሻያ ካለ ከባንካችሁ ጠይቃችሁ የጨርቅ ግዢ ዕቅዳችሁን በዚያ አስተካክሉ። ሦስተኛ፣ የፓርኩ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ተጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ማጠቢያና ማቅለሚያ ያላችሁ ሁሉ በአንድ ፍሬ የሚደርሳችሁን የማጣሪያ ወጪ ለዩ። ገዢዎች የሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ያለ ፋብሪካ ውኃውን እንዴት እንደሚይዝ ይጠይቃሉ፤ መልሳችሁ የሽያጭ አቅም ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ሥራ ከቀነሰ በሕጉ መንገድ ሂዱ

ትዕዛዝ ጠፍቶ ላይን ማቆም ግድ ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለት መንገድ ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያው ለጊዜው ማገድ ነው። በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ፣ ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀናት ውስጥ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አስፈጻሚ አካል በጽሑፍ አሳውቃችሁ እስከ 90 ቀን ማገድ ትችላላችሁ። የሥራ ውሉ አይቋረጥም። ትዕዛዝ እንደሚመለስ ተስፋ ካለ የሠለጠነ እጃችሁን የምታቆዩበት መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቅነሳ ነው። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር፣ ክህሎትና ምርታማነት ያላቸውን ማስቀደም፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ በቅነሳ ጊዜ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በቀን 150 ብር የምታገኝና ሦስት ዓመት የሠራች ሠራተኛ 4,500፣ 3,000ና 9,000 ተደምሮ 16,500 ብር ይገባታል። በ200 ሠራተኛ 3.3 ሚሊዮን ብር ነው። ይህን ሳታሰሉ «እንቀንስ» አትበሉ። ብዙ ጊዜ ለሁለት ወር ያነሰ ትርፍ እየያዙ ላይኑን ማቆየት ከቅነሳ ይረክሳል።

የተለመደው ስህተት ሠራተኛዋ ራሷ እንድትለቅ ማስመረር ነው። ሕገወጥ ነው፤ ከገዢው የሥነ ምግባር ምርመራም አያልፍም።

9ኛ ደረጃ፦ በየሦስት ወሩ ካርዱን አድሱ

በየሩብ ዓመቱ አንድ ቀን ለዩና አራት ነገር ፈትሹ፦ በየገበያው ያለው ቀረጥ ተቀይሯል ወይ፤ ምንዛሬ የወጪውን ድርሻ እንዴት ለወጠው፤ የጨርቅ አጠቃቀምና ውድቅ ምርት ወዴት እየሄደ ነው፤ ከሽያጫችሁ ስንት በመቶው በአንድ ገበያ ላይ ተንጠልጥሏል። የመጨረሻው ከግማሽ በላይ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክፉኛ የተጎዱት ምርታቸውን ሁሉ ወደ አንድ አገር ይልኩ የነበሩት ናቸው።

ስለ አጎዋ መመለስ ዜና ስትሰሙ ዕቅዳችሁን አትበትኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታደሰው ሕግ የተሰጠው ዕድሜ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ነበር። የሕጉ መራዘም አንድ ጉዳይ ነው፤ የኢትዮጵያ ወደ ዝርዝሩ መመለስ ሌላ ጉዳይ ነው። ካርዱን ያለ አጎዋ እንዲያዋጣ አድርጋችሁ ሥሩ። ዕድሉ ከተመለሰ በአንድ ቲሸርት የምታገኙት 40 ሴንት ማሽን ይግዛበት፣ ሠራተኛ ይሠልጥንበት፣ ደመወዝ ይሻሻልበት፤ ወጪያችሁ ግን በእሱ ላይ አይቁም።

በዚህ ሳምንት ሥራውን በአንድ ምርት ጀምሩ። በብዛት የምትልኩትን ልብስ ምረጡ፣ የታሪፍ ቁጥሩን አረጋግጡ፣ ካርዱን ሙሉ፣ የመቁረጫ ክፍሉን ቁራጭ ጨርቅ መዝኑ። ይህን ሳትጨርሱ ማንንም አታሰናብቱ፤ ከማንም ደመወዝ አትቀንሱ።